ነፋስ የጣለውን ዛፍ በሞተር መጋዝ ስንቆርጥ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ አደጋዎች

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

በደጋውና በወይና ደጋው አገር ክረምቱ ሲጠና አፈሩ ውሃ ይጠግባል፤ ሥር የያዘውም አፈር ይላላል። በዚህ ጊዜ ብርቱ ነፋስ ሲነሣ ለብዙ ዓመታት የቆመ የፈረንጅ ጥድ ከነሥሩ ይገነደሳል፤ ባሕር ዛፍ ከወገቡ ይሰበራል። በበልግም ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሣው ድንገተኛ ነፋስ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በማግሥቱ መንገድ ተዘግቶ፣ አጥር ፈርሶ፣ አንዳንዴም ቤት ተጭኖ ይገኛል።

በዚያን ዕለት ጧት የልማት ሠራተኛውን ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። መንገዱ የተዘጋበት ሾፌር አለ። እንጨቱ ሳይሰረቅ እንዲሸጥ የሚፈልግ የማኅበር ሊቀ መንበር አለ። ጭራሮ ለመልቀም የመጡ እናቶችና ልጆች አሉ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ቶሎ ይቆረጥ» ነው። ማኅበሩ የሞተር መጋዝ ካለው አውጥቶ ያስነሣል፤ ከሌለው ባለመጋዝ ይጠራል። ዛፉ ወድቋልና ከእንግዲህ የሚያሰጋ ነገር ያለ ለማንም አይመስለውም።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የወደቀ ዛፍ ሁሉ ያረፈ ዛፍ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ነፋስ የጣለው ዛፍ ምን ዓይነት ኃይል አምቆ እንደሚይዝ፣ ያ ኃይል በየት በኩል እንደሚፈታ፣ ቆራጩና በአካባቢው ያለው ሕዝብ እንዴት ሊጠበቁ እንደሚችሉ ነው። ጽሑፉ በሥራ ላይ የሚሰጠውን የመጋዝ አያያዝ ሥልጠና አይተካም። የሞተር መጋዝ ይዞ ያልሠለጠነ ሰው ይህን አንብቦ ብቻ ነፋስ በጣለው ዛፍ ላይ ሥራ እንዳይጀምር አደራ እንላለን።

2. ነፋስ የጣለው ዛፍ ከቆመ ዛፍ በምን ይለያል?

ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ክብደቱን በሥሩ ላይ አሳርፎ ይኖራል። የሠለጠነ ቆራጭ ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ራሱ መርጦ፣ መሸሻውን አጽድቶ ይቆርጠዋል። ነፋስ የጣለውን ዛፍ ግን አቅጣጫውን የመረጠለት ነፋሱ ነው። ግንዱ በድንጋይ፣ በጉቶ ወይም በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ይጎብጣል። ሥሩ በከፊል ተነቅሎ በከፊል አፈር እንደያዘ ይቀራል። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ሥር ተጨፍልቀው ይወጠራሉ።

እረኛ ልጆች ወፍ ለማጥመድ የሚሠሩትን ወስፈንጥር እናስታውስ። እርጥብ ዘንግ ጎብጦ በአንዲት ገመድ ይያዛል። ገመዷ እስክትነካ ድረስ ዘንጉ የተኛ ይመስላል፤ ስትነካ ግን ከዓይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ይፈናጠራል። ነፋስ የጣለው ዛፍም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ የዛፉ ክብደት በኩንታል የሚቆጠር መሆኑና ገመዱን የሚቆርጠው ሰው ራሱ አጠገቡ መቆሙ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ዋና ዋና አደጋዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የተወጠረው ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ሰው መምታቱ፤
ለ. ግንዱ መጋዙን ቆንጥጦ መያዙ፣ ወይም ተሰንጥቆ መከፈቱ፤
ሐ. ከነአፈሩ የተነቀለው ሥር ግንዱ ሲቆረጥለት ተመልሶ መቆሙ ወይም ወደ ቆራጩ መገልበጡ፤
መ. በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ፣ ወይም ተሰብሮ ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ መውደቁ፤
ሠ. በተዳፋት ላይ የተቆረጠው ግንድ ቁልቁል መንከባለሉ፤
ረ. መጋዙ ራሱ ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት መወርወሩ።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ብቻ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ስዊድን 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጥሎ ነበር። የደን ሥራ በረቀቀበት፣ መሣሪያና ሥልጠና በሞላበት በዚያ አገር እንኳ የወደቀውን እንጨት በማጽዳት ላይ ሳሉ የሞቱት ሰዎች በነፋሱ ዕለት ከሞቱት በልጠዋል። ነፋሱ የሚነፍሰው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የጣለው እንጨት ግን ወራት ሙሉ አደጋ አምቆ ይቆያል። ከዚህ የምንማረው፣ ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገው ነፋሱ ካለፈ በኋላ መሆኑን ነው።

3. ሥራው ከመጀመሩ በፊት

3.1 ቦታውን መመልከት

መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ቆራጩና የልማት ሠራተኛው የወደቀውን ዛፍ ከሩቅ ዙረው ይመልከቱ። በመጀመሪያ የሚታየው ከላይ ያለው ነው። የተሰበረ ጫፍ፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ ዘንበል ብሎ ያልወደቀ ጎረቤት ዛፍ መኖሩ ይጣራል። ቀጥሎ ሥሩ፣ ከዚያም ግንዱ በየት በየት እንደተደገፈ ይታያል። ነፋሱ ገና ካልቆመ፣ ወይም ዝናብ እየዘነበ መሬቱ የሚያንሸራትት ከሆነ ሥራው ይቆይ።

ዛፉ የኤሌክትሪክ መስመር ነክቶ ወይም ሽቦ ይዞ ከወደቀ ማንም ሰው አይጠጋ። እርጥብ ዛፍና እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ሽቦው ስለተበጠሰ ኃይል የለውም ብሎ መገመት አይገባም። ሰዉን አርቆ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሮ ማስታወቅና ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የዛፉ ግንድ ባዶ ከሆነ የንብ መንጋ ሊኖርበት ይችላል። አጥር ሆኖ ያገለገለ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ቅርፊቱ የዋጠው ሚስማርና ሽቦ ይኖራል። ይህንንም አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይጠቅማል።

3.2 ልብስና መሣሪያ

ቆራጩ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም የአንገት ፎጣ ለብሶ፣ ሸበጥ ወይም ኮንጎ ጫማ አድርጎ ሥራ መጀመር የለበትም። የሚያስፈልገው ጠንካራ ቆብ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ የማያንሸራትት ቡት ጫማ፣ እንዲሁም ለሞተር መጋዝ ተብሎ የተሠራ ሱሪ ነው። ይህ ሱሪ በውስጡ የተነባበሩ ክሮች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተመዝዘው በመዘውሩ ላይ ይጠመጠሙና ያቆሙታል። ዋጋው ውድ ነው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ መጋዝ ሲገዛ ሱሪውንና ቆቡን የመጋዙ አካል አድርጎ በአንድነት እንዲገዛ እንመክራለን።

ከመጋዙ ሌላ የሚከተሉት በቅርብ መገኘት አለባቸው፦ ምሣር፣ የእጅ መጋዝ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ፣ ረጅምና ጠንካራ ገመድ፣ ሞረድ፣ ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ። የብረት ሽብልቅ ሰንሰለቱን ስለሚሰብር በቆረጣ ጊዜ አይጠቅምም።

የመጋዙ የሰንሰለት ፍሬን መሥራቱ በየቀኑ ጧት ይፈተን። የሰንሰለቱ ውጥረትና ስለት ይታይ። ስለታም ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘ ሰንሰለት ግን ዱቄት ይነዛል። ዱቄት መታየት ሲጀምር ቆም ብሎ መሞረድ እንጂ መጋዙን መጫን ትክክል አይደለም። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ከተሞላበትም ቦታ 3 ሜትር ያህል ርቆ ማስነሣት ያስፈልጋል። በዚያ ቦታ ሲጋራ አይጨስም፤ እሳትም አይነድም።

4. የግንዱን ውጥረት ማንበብ

4.1 በእርጥብ ዘንግ የሚሰጥ ትምህርት

የልማት ሠራተኛው ይህን ክፍል በቃል ብቻ ከሚያስተምር በሥራ ቢያሳይ ይሻላል። የሚያስፈልገው የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ዘንግ፣ ሁለት ድንጋይና የእጅ መጋዝ ነው።

ዘንጉን ሁለቱ ጫፎቹ በድንጋዮቹ ላይ እንዲያርፉ አጋድሞ፣ ከጫፎቹ አንዱን ረዳት አጥብቆ ይያዝለት። ሌላ ሰው ከመካከሉ ወደ ታች ይጫነው። ከዚያ ከላይ መሰንጠር ሲጀመር ጥቂት እንደገባ የእጅ መጋዙ ተቆንጥጦ ይያዛል። መጋዙን አውጥቶ ከታች ወደ ላይ ቢቆረጥ ግን ክፍተቱ እየሰፋ ሄዶ ዘንጉ ይለያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘንጉ ሲጎብጥ የላይኛው ጎኑ ተጨምቋል፤ የታችኛው ጎኑ ተወጥሯል። የተጨመቀው ጎን ሲቆረጥ ይዘጋል፤ የተወጠረው ጎን ሲቆረጥ ይከፈታል።

ቀጥሎ ዘንጉን በአንድ ጫፉ ብቻ አጥብቆ ይዞ ሌላውን ጫፍ ወደ ታች መጫን ነው። አሁን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተወጠረው የላይኛው ጎን፣ የተጨመቀው ደግሞ የታችኛው ይሆናል። እያንዳንዱ ተማሪ ይህን በእጁ ከሞከረ በኋላ ስለ ግንድ የሚነገረውን ለመረዳት አይቸገርም።

4.2 የቆረጣው ደንብ

ደንቡ አንድ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ የተጨመቀውን ጎን በጥቂቱ፣ በመጨረሻ የተወጠረውን ጎን መቁረጥ ነው። በተወጠረው ጎን ብቻ ጀምሮ በጥልቀት መቁረጥ ግንዱ ሳይቆረጥ በርዝመቱ እንዲሰነጠቅና የተሰነጠቀው እጅ ወደ ቆራጩ እንዲፈናጠር ያደርጋል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ይህ አደጋ ይበረታበታል። በሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ሁኔታዎች አራት ናቸው።

ሀ. ግንዱ በሁለት ጫፉ ተደግፎ መካከሉ በአየር ላይ ሲሆን። የላይኛው ጎን የተጨመቀ ነው። ከላይ የውፍረቱን ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል መቁረጥ፣ ክፍተቱ መጥበብ ከጀመረም ከዚያ በፊት ማቆም ይገባል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቆርጦ መጨረስ ነው። መካከሉ ወደ መሬት ስለሚወድቅ እግር ከሥሩ መሆን የለበትም።

ለ. ግንዱ በአንድ ጫፉ ተደግፎ ሌላው ጫፉ በአየር ላይ ሲሆን። የታችኛው ጎን የተጨመቀ ነው። ከታች ወደ ላይ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ከተቆረጠ በኋላ ከላይ ተቆርጦ ይጨረሳል።

ሐ. ግንዱ በሁለት ዛፎች መካከል ገብቶ ወደ ጎን ሲጎብጥ። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው። ግንዱ የሚፈናጠረው ወደ ጎበጠበት ወደ ውጭው ጎን ነው። ስለዚህ ቆራጩ የሚቆመው በጉብጠቱ ውስጥ በኩል፣ በተጨመቀው ጎን ነው። ከዚያ ሆኖ መጀመሪያ የተጨመቀውን ጎን በጥቂቱ ይቆርጣል፤ ቀጥሎ የተወጠረውን ጎን ጥቂት በጥቂት እያለ ይለቃል። በውጭው ጎን ማንም ሰው አይቁም።

መ. ከወደቀው ግንድ ሥር ተጨፍልቆ የጎበጠ ቀጭን ዛፍ ወይም ቅርንጫፍ ሲያጋጥም። ቀጭን ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ከጉቶ የበቀለ ወጣት ባሕር ዛፍ እንዲህ ጎብጦ ሲለቀቅ ጥርስ ወይም መንጋጋ ሊሰብር ይችላል። በአንድ ምት መቁረጥ ክልክል ነው። ቆራጩ ዘንጉ ከሚፈናጠርበት መስመር ወጥቶ፣ በጉብጠቱ ውስጠኛ ጎን ላይ በቀስታ እየፋቀ ያሳሳዋል። ዘንጉ ቀስ እያለ ታጥፎ ኃይሉን ይጨርሳል። ይህን ሥራ ከሞተር መጋዝ ይልቅ በረጅም እጀታ የእጅ መጋዝ መሥራት የተሻለ ነው።

ግንዱ የቱ ጎኑ እንደተወጠረ በትክክል ለማወቅ ካልተቻለ፣ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ ክፍተቱን መመልከት ነው። የሚጠብ ከሆነ የተጨመቀ፣ የሚሰፋ ከሆነ የተወጠረ መሆኑ ይታወቃል። መጋዙ ተቆንጥጦ ከተያዘ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሽብልቅ አግብቶ ማላቀቅ ይገባል። ሞተሩ እየሠራ መጎተት እጅግ አደገኛ ነው።

በተዳፋት ላይ ቆራጩ ሁልጊዜ ከግንዱ በላይ ይቁም። ከታች በኩል ሰውም ከብትም አይኑር። ግንዱ እንዳይንከባለል ከመቆረጡ በፊት ድንጋይ ወይም ሽብልቅ ይደረግለት። ቅርፊቱ የተላጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ በጣም ያንሸራትታል፤ በላዩ ቆሞ መቁረጥ አይፈቀድም።

5. የሥር ግድግዳ

ዛፍ ከነሥሩ ሲገነደስ ሥሩ የያዘውን አፈርና ድንጋይ እንደታቀፈ ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል። በበኩላችን «የሥር ግድግዳ» ብለነዋል። ከበስተኋላው ሰፊ ጉድጓድ ይቀራል። ግድግዳውን ጋድሞ የያዘው የግንዱና የቅርንጫፎቹ ክብደት ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ያ ክብደት ይቀርና ግድግዳው ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ይችላል።

ከእኛ የደረሰውን እንናገር። በአንድ የወል ደን ውስጥ የወደቀ የፈረንጅ ጥድ በሚቆረጥበት ጊዜ ተገኝተን ነበር። ከላይ ያለውን ተመልክተናል፤ ግንዱ የተደገፈበትንም አይተናል፤ ከሥሩ በስተኋላ ግን አልዞርንም። መጋዙ ከተነሣ በኋላ አንዲት እናት እየጮኹ መጡ። ድምፃቸው በሞተሩ ጩኸት አልተሰማም፤ በእጃቸው ምልክት ሲያሳዩ ነው ሞተሩ የጠፋው። በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ልጆች የተበጠሱ ሥሮችን ለማገዶ ይለቅሙ ነበር። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ግንዱ ሊለይ ጥቂት ሲቀረው ግድግዳው ድምፅ ሰጥቶ ተነሣና ጉድጓዱን እንደ ሣጥን ክዳን ገጠመው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ የቆራጩም፣ የልጆቹም አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ በምንሰጠው ትምህርት ሁሉ የሥሩን ጀርባ መመልከትን ከመጀመሪያው ተራ አስገብተነዋል።

ስለዚህ የሚከተለው ይፈጸም።

ሀ. ከመቁረጥ በፊት ጉድጓዱን ዙሮ ማየት፤ አንድ ታማኝ ሰው እዚያ በኩል ራቅ ብሎ ቆሞ ማንም እንዳይገባ ይጠብቅ።

ለ. ግድግዳው ወዴት እንዳዘነበለ መመልከት። ወደ ጉድጓዱ ካዘነበለ ተመልሶ ይቆማል። ወደ ግንዱ ካዘነበለ ቆራጩ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። በተዳፋት ላይ ደግሞ ወደ ጎን ሊንከባለል ይችላል።

ሐ. ከግድግዳው ተጠግቶ አለመቁረጥ። ከግድግዳው ቁመት ያላነሰ ርዝመት ያለው ግንድ ከሥሩ ጋር እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል። ግድግዳው 2 ሜትር ቢሆን ቢያንስ 2 ሜትር ግንድ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ግንድ ግድግዳው ወደ ፊት እንዳይገለበጥ እንደ ድጋፍ ያገለግላል። ለጣውላ የሚሆን እንጨት ይባክናል ብለው የሚቃወሙ ይኖራሉ፤ የሰው ነፍስ ግን ከ2 ሜትር ጣውላ ጋር አይመዛዘንም።

መ. ትራክተር ወይም የመጎተቻ መሣሪያ በሚገኝበት ቦታ ግድግዳውን ከጠንካራ ጉቶ ጋር አስሮ መያዝ።

ሠ. ቆራጩ መሸሻ መንገዱን አስቀድሞ ያጽዳ። ክፍተቱ ሲንቀሳቀስ ወይም ሥሩ ድምፅ ሲሰጥ መጋዙን አውጥቶ ይሽሽ፤ መጋዙ ከተያዘ ትቶት ይሂድ። ከሥሩ ጋር የቀረው ግንድ ግድግዳው ሲመለስ አብሮ ሽቅብ ስለሚነሣ ማንም ሰው በላዩ አይቀመጥ፤ ጎንበስም አይበልበት።

ረ. ግንዱ ተቆርጦ ግድግዳው ካልተመለሰ ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ከቀናት በኋላ ዝናብ ሲመታው ሊወድቅ ይችላል። በትራክተር ወይም በርቀት በገመድ ስቦ መመለስ፣ ይህ ካልተቻለ ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ይገባል።

6. በሌላ ዛፍ ላይ የተደገፈ ዛፍ

ነፋስ ገፍቶት በጎረቤቱ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ መቼ እንደሚወድቅ አይታወቅም። በዚህ ዛፍ ላይ የማይደረጉትን ማወቅ ከሚደረጉት ይበልጣል።

— ከሥሩ ማለፍም፣ ማረፍም፣ ሌላ ሥራ መሥራትም አይገባም።
— ደግፎ የያዘውን ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ይወድቃሉ።
— ሌላ ዛፍ በላዩ ጥሎ ለማውረድ መሞከር ክልክል ነው።
— በዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን መመልመል ክልክል ነው።
— ግንዱን ከታች በኩል እየቆራረጡ ማሳጠርም አደገኛ ነው፤ ዛፉ በድንገት ቆሞ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይዞራል።

የሚሻለው መንገድ የግንዱን እግር በረጅም ገመድ አስሮ ከርቀት በትራክተር ወይም በመጎተቻ መሣሪያ ወደ ኋላ መሳብ ነው። የገመዱ ርዝመት ከዛፉ ቁመት መብለጥ አለበት። ሲሳብ በተወጠረው ገመድ አጠገብ ሰው አይቁም፤ ገመዱ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ይመታል። መሣሪያው ከሌለ ዛፉን በቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት አድርጎ፣ መንገዱን ዘግቶ፣ ለወረዳው ማስታወቅ ነው። ያልቻሉትን ዛፍ መተው ፍርሃት አይባልም።

ከጉቶ የበቀሉ የባሕር ዛፍ ግንዶች በመገጣጠሚያቸው ላይ ተሰብረው ከጉቶው ሳይለዩ ቢቀሩም ያው ነው። የተሰበረው ቦታ በጥቂት ቃጫ ብቻ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ገብቶ መቁረጥ አይገባም።

7. የመጋዙ ርግጫ

የሞተር መጋዝ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሰንሰለቱ በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ምላሱ እንበለው፣ ጫፉ ክብ ነው። የዚህ ክብ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ሰንሰለቱ መቁረጡን ትቶ መጋዙን እንደ በቅሎ ርግጫ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረውረዋል። የሚያርፈው በቆራጩ ፊት፣ አንገት ወይም ትከሻ ላይ ነው። ሰው አይቶ እጁን ለማንሣት ጊዜ አያገኝም።

የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎች ተጠላልፈው ስለሚተኙ የምላሱ ጫፍ ሳይታሰብ ሌላ ቅርንጫፍ መንካቱ የተለመደ ነው። ስለሆነም፦

ሀ. መጋዙ ምንጊዜም በሁለት እጅ፣ አውራ ጣት በእጀታው ዙሪያ ተጠምጥሞ ይያዝ፤
ለ. ከትከሻ በላይ አንሥቶ መቁረጥ አይፈቀድም፤
ሐ. ቆራጩ በምላሱ መስመር ትክክል አይቁም፤ ሰውነቱን ወደ ግራ ያድርግ፤
መ. ከመቁረጥ በፊት ጫፉ የሚደርስበትን ቦታ ከጭራሮ ማጽዳት ያስፈልጋል፤
ሠ. ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ሁለት እርምጃም ቢሆን፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ይያዝ፤ ከዚያ ለሚርቅ ሞተሩ ይጥፋ።

ቅርንጫፍ ሲመለመል ግንዱን በራስና በመጋዙ መካከል ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። ግንዱን ደግፈው የያዙት የታችኛው ቅርንጫፎች በመጨረሻ ይቆረጣሉ፤ እነዚህ ሲለቀቁ ግንዱ ሊዞር እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

8. የማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ኃላፊነት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቆራጩ ነው። ነገር ግን በወደቀ ዛፍ ዙሪያ ያለው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው በሕዝቡ ብዛትና በችኮላ ነው። ይህን ለመግታት የሚችለው ማኅበሩ ነው።

ሀ. ጭራሮ ለቃሚዎች። የወደቀ ዛፍ ለማገዶ ፈላጊው ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰዉን በቁጣ ብቻ መመለስ አይቻልም። የሚበጀው ተራ ማስያዝ ነው። መጋዙ በሚሠራበት ጊዜ ማንም አይገባም፤ መጋዙ ጠፍቶ ቆራጩ ከፈቀደ በኋላ ጭራሮው ለሁሉም ይከፋፈላል። ይህ አስቀድሞ በስብሰባ ከተነገረ ሰው ድርሻዬ ያመልጠኛል ብሎ አይሻማም።

ለ. ርቀት። ከሚሠራ መጋዝ ቢያንስ 5 ሜትር ዙሪያ ረዳትም ቢሆን አይግባ። ተመልካች ደግሞ የዛፉን ቁመት ሁለት ጊዜ ያህል ይራቅ። በመጋዝ አጠገብ በምሣር የሚሠራ ሌላ ሰው አይኑር።

ሐ. ብቻን አለመሥራት። ቆራጩን ከርቀት የሚመለከት፣ በእጅ ምልክት የሚግባባው አንድ ረዳት ሁልጊዜ ይኑር። በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ድምፅ አይሰማምና «አቁም» የሚለው የእጅ ምልክት አስቀድሞ ይወሰን።

መ. የአከፋፈል ነገር። ባለመጋዝ በቆረጠው ግንድ ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ ዙሮ ለማየት ጊዜ አይኖረውም። ነፋስ ለጣለው ዛፍ በቀን ሂሳብ መክፈል፣ የሚመለከትበትንና የሚያስብበትንም ሰዓት እንደ ሥራ መቁጠር ያስፈልጋል። «ይህን ዛፍ አልቆርጥም» ቢል ቃሉ ይከበር።

ሠ. ችኮላ። መንገድ ወይም ቤት የተጫነ ዛፍ ቅድሚያ ይሰጠው። የቀረው ግን ቢቆይ ብዙም አይጎዳም፤ ከፊል ሥሩ አፈር እንደያዘ የቀረ ዛፍ ለሳምንታት እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ብዙ ዛፎች ተደራርበው ከወደቁ ሥራው ከዳር ተጀምሮ፣ ከላይ ያለው አስቀድሞ እየተነሣ ይሂድ እንጂ ወደ መካከል አይገባ። ሲመሽም ይቁም፤ የደከመ እጅና የደበዘዘ ብርሃን አይስማሙም።

9. አደጋ ቢደርስ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ተጎጂውን የሚወስድ ተሽከርካሪ ከየት እንደሚገኝ፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የመጋዝ ቁስል ሰፊና የተቦጫጨቀ ስለሆነ ብዙ ደም ይፈስሳል። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቆ መጫንና ሳይለቁ መያዝ፣ ጨርቁ ቢርስ ሌላ መደረብ፣ ተጎጂውን አስተኝቶ ማሞቅ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። በቁስል ላይ ቡና፣ አፈር ወይም ቅጠል መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል። ግንድ የመታውን ሰው አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ አደጋ ካላሰጋው በቀር እየጎተቱ ማንሣት አይገባም።

10. ማጠቃለያ

ነፋስ የጣለው ዛፍ የተወጠረ ወስፈንጥር ነው። ዙሮ ማየት፣ የተጨመቀውንና የተወጠረውን ጎን መለየት፣ የሥሩን ጀርባ መመልከት፣ ሕዝቡን ማራቅ፣ ያልቻሉትን መተው፤ እነዚህ አምስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥቂት ጊዜ ነው። የልማት ሠራተኛው በዚያን ዕለት ጧት «ቶሎ ይቆረጥ» ለሚለው ሕዝብ የሚሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ይህን ጥቂት ጊዜ ማስገኘት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን በነፋስ ሊወድቁ የሚችሉ ዛፎች የት የት ይገኛሉ? በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በቤት አጠገብ ያሉትስ የትኞቹ ናቸው?
2. በሁለት ጫፉ የተደገፈ ግንድ ከየትኛው ጎን መቆረጥ ይጀምራል? በአንድ ጫፉ ብቻ የተደገፈውስ? ምክንያቱን በእርጥብ ዘንግ አሳዩ።
3. ግድግዳው 3 ሜትር ቁመት ያለው ሥር ሲያጋጥም ስንት ሜትር ግንድ ከሥሩ ጋር እንዲቀር ይደረጋል?
4. ማኅበራችን ለጭራሮ ለቃሚዎች ምን ዓይነት ተራ ቢያወጣ ሰው ሳይሻማ ሊጠብቅ ይችላል?
5. አደጋ ቢደርስ ተጎጂውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ማን ነው? በምን?